እጅህ ያረፈባቸው ራሶች

ውድ አባዬ፣

በቀብርህ ቀን መጋቢው ሲጸልዩ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ እኔ ግን ከኋላ ቆሜ ማጅራት ሳይ ነበር። አትቆጣኝ፣ ዓይኔን ያስለመድከው አንተ ነህ። የወንዶቹ ፀጉር ጎፍሯል። ፀጉር ቤታችንን ዘግቼ አንተን ሳስታምም፣ ሌላ ፀጉር ቤት ላለመግባት ሲጠብቁህ ከርመዋል። ጨርቅ ነጋዴው፣ የታክሲው ሹፌር፣ መጋቢው እንኳ ሳይቀሩ ጆሯቸው ተሸፍኗል። እያለቀስኩ ኮራሁብህ።

ከዚያ ወዲህ ግን መጸለይ አቃተኝ። እግዚአብሔርን ተቀይሜ አይደለም። “አባታችን ሆይ” እልና እዚያው ላይ ቃሉ ያልቅብኛል። አንተም ጮክ ብለህ ስትጸልይ ሰምቼህ ስለማላውቅ ምን ትል እንደነበር አስታውሼ መቀጠል አልቻልኩም። “አባትሽ እግዚአብሔርን በመንገድ ሰላም ብሎ የሚያልፍ ሰው ነው” እያለች እማዬ ትቀልድብህ የለ?

ያለ አንተ ከዚያ ወንበር ጀርባ መቆም ስላልቻልኩ ሱቁን ለማከራየት ወሰንኩ። ትናንት መስታወቱን ወልውዬ፣ መቀሶቹን በፎጣ ጠቅልዬ ልወጣ ስል ባላንጣህ ገባ። አዎ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቆራጭ፣ አንተ ወንበር ስትቀይር መስታወት የሚቀይረው፣ ዕድሜ ልኩን ደንበኛ ሲነጥቅህ የኖረው ሰውዬ። ሱቁን ሊከራይ የመጣ መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩበት። እሱ ግን ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን ሲያወልቅ ደነገጥኩ፤ ፀጉር ቆራጭ ሆኖ ከሁሉም የባሰ ጎፍሯል።

“የራሱን ማጅራት የሚቆርጥ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?” አለኝ። “እኔን የሚቆርጠኝ አባትሽ ነበር፣ እሱን ደግሞ እኔ። ደንበኛ እንዳያየን በሩን ዘግተን።”

ለካ “ትንሽ ሥራ አለብኝ” እያልክ የምትቀረው ለዚህ ነበር! ሳቄ መጣ። ፎጣውን አሰርኩለትና ማሽኑን አነሳሁ።

“ቆይ” አለኝ፤ “መጀመሪያ እጅሽን።”

ይህን የእጅ ነገር አውቀዋለሁ። ማንንም ከመቁረጥህ በፊት መዳፍህን አናቱ ላይ ታሳርፋለህ። የፀጉሩን አተኛኘት የምታይ ይመስለኝ ነበር፤ እኔም እንደዚያው ሳደርግ ኖሬአለሁ። ባላንጣህም አንድ ቀን ምን እንደምትለካ ጠይቆህ ኖሯል። እያፈርክ ነገርከው።

“‘ጌታ ሆይ፣ ይህን ራስ የሠራኸው አንተ ነህ፣ እኔ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የማስተካክለው፣ ውስጡን አንተ እይለት’ ነው የምለው አለኝ። ለኔም እንዲሁ ይል ነበር። ደንበኛ ለምወስድበት ሰውዬ።”

አባዬ፣ ማሽኑን አስቀመጥኩት። ያ ሁሉ የጎፈረ ማጅራት ፊቴ ድቅን አለ። እኛ ልንጸልይልህ የቆምን መስሎን ነበር፤ እዚያ ከቆመው ወንድ ሁሉ ግን አንተ ያልጸለይክለት አልነበረም። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ልሄድ ስል ግንባሬ ላይ የሚወርደውን ፀጉር ስትከረክምልኝም ትዝ አለኝ። ያኔም መዳፍህ አናቴ ላይ ነበር።

“አንተስ እሱን ስትቆርጠው እጅህን ታሳርፍ ነበር?” አልኩት።

አቀረቀረ። “እኔ ጸሎት አላውቅም። እጄን አናቱ ላይ አደርግና ‘እሱ እንዳለው ይሁን’ እል ነበር።”

እኔም መዳፌን አናቱ ላይ አሳረፍኩ። “ጌታ ሆይ” አልኩ፣ ያንተኑ ቃል ጀምሬ እስከ መጨረሻው ዘለቅኩት። ቃሉ አላለቀብኝም። ከዚያ ቆረጥኩት። መስታወት ፊት ዞር ዞር ብሎ አየና ግራውን ትንሽ እንዳጋደልኩበት፣ አንተም ሁልጊዜ እንደዚያ ታደርግ እንደነበር ነገረኝ። እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ሱቁን አላከራይም። ነገ ጠዋት መጋቢው ይመጣሉ፤ ጆሯቸውን ፈልጌ ማውጣት አለብኝ። እጄን ግን አስቀድማለሁ።

በሠራህ በጌታ እጅ እረፍ፣ አባዬ። እንደገና እስክንተያይ እዚህ ያሉትን ራሶች ለእኔ ተዋቸው።

ከወንበርህ ጀርባ የቆመችው ልጅህ