አባታችን ሁለቱን ሸክላዎች ሰሙ

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለአካለ ወልድ፤ ምሥራቅ ጀርመን።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ እንደምን ይዞሃል? ያ ሲያስቸግርህ የነበረው ሳል ለቀቀህ ወይ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን። እናታችን ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ከቤተ ክርስቲያን አልቀሩም። ጾሙንም በሰላም ፈትተናል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፤ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። አባታችን የላክሃቸውን ሸክላዎች ሰሙ።

ጥቅሉ ሞጣ የደረሰኝ በጾሙ መካከል ነው። ሁለቱም ሸክላዎች አልተሰበሩም፤ ካሴቱም ደኅና ነው። አንዱን ድርሰት ሁለት የኦርኬስትራ መሪዎች እንዴት እንደመሩት አዳምጪና የሚሻለውን ጻፊልኝ ብለኸኝ ነበር። እኔ የሒሳብ አስተማሪ እንጂ የዜማ ሰው አይደለሁም፤ ደጋግሜ ብሰማም አንዱን ከሌላው መለየት አቃተኝ። ከቤታችን ይህን የሚለይ ጆሮ ያላቸው መሪጌታው አባታችን ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ድጓውን አቋርጠህ ሙዚቃ ልትማር ከሄድህ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ስምህን አላነሡም። ደብዳቤህን ለእናታችን ሳነብ እንኳ ተነሥተው ይወጡ ነበር።

ቢሆንም ቆርጬ ተነሣሁ። አብራኝ የምታስተምረው ጥሩአየሁ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻዋን አዋሰችኝ። በጭነት መኪና ወደ ቤታችን ወደ ብቸና ስመጣ ሸክላዎቹን ፀሐይ እንዳያጣምማቸው በነጠላዬ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌያቸው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በዋለው ማክሰኞ፣ አባታችን ደጅ ተቀምጠው ብራና ሲያርሙ፣ የመጀመሪያውን አስጀመርኩ። ቀና አላሉም። ሁለተኛውን ሳስከትል ግን መቃ ብዕራቸው ቆመ።

«ይኸ ቅድም የሰማነው ነው፤ አካሄዱ ግን ሌላ ነው» አሉ።

ድርሰቱም ጽሑፉም አንድ እንደሆነ፣ የተለየው ፊት ቆሞ የሚመራው ሰው ብቻ እንደሆነ አስረዳኋቸው። የሸክላዎቹን ሽፋን ተቀብለው የሁለቱን መሪዎች፣ የወጣቱንና የሽማግሌውን፣ ፎቶግራፍ አዩና በእጃቸው የያዟት ቀጭን ዘንግ መቋሚያቸው ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያማ ማን ያቁማቸው። ነገሩ በእኛም ያለ ነው፣ ድጓው አንድ ሆኖ የቤተልሔምና የቆማ ዜማ ይለያይ የለም ወይ አሉ። ወጣቱ መሪ ችኩል ነው፤ ዜማውን ሳይበስል ያወጣዋል አሉ። ሽማግሌው ግን እስትንፋስ ያስጨርሳል፤ ዝም የሚባልበትንም ቦታ ያውቃል። እሱንም ቢሆን አልማሩትም፤ መጨረሻው ላይ ከበሮውን አብዝቶ መሰንቆዎቹን አስውጧል ብለው ወቀሱት። ቫዮሊኑን ሁሉ መሰንቆ ነው የሚሉት።

የዚያኑ ድርሰት ካሴትም በጎረቤታችን በጓዴ ቴፕ አሰማኋቸው። የሽማግሌው እንደሆነ ወዲያው አወቁት። ሸክላው እንደሚቆላ ተልባ ይንጣጣል፣ ሰዎቹ ግን እዚሁ ደጃችን የቆሙ ይመስላሉ፤ ካሴቱ አይንጣጣም፣ ነገር ግን ከመጋረጃ ወዲያ እንደሚሰማ ድምፅ ነው አሉ።

የሽማግሌውን ሸክላ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስደግሙኝ፣ እኔ ምንም ሳላስተውል፣ ዜማው ወረደ ብለው አስቆሙኝ። እውነትም ድንጋዩ ደክሞ ኖሯል። ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ አስጥተን ስንጠብቅ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣

«ልጄ የትኛውን መረጠ?» አሉኝ።

አካለ ወልድ፣ «ልጄ» አሉህ። እናታችን ከጓዳ ሰምተው የያዙትን ሰፌድ ጥለው ወጡ። እኔም ገና እንዳልመረጥህ፣ የምታምነው ጆሮ አጥተህ ወደ ቤትህ እንደላክህ ነገርኳቸው። ወረቀት አምጪ አሉና ይህን አስጻፉኝ፦

«ሽማግሌውን ያዝ፤ ከወጣቱም ድፍረቱን ውሰድ። ዘፈን ልትለምድ የሄድህ መስሎኝ አዝኜብህ ነበር። የምትማረው ማዳመጥ ከሆነ ግን ጨርሰህ ና። ሌላም ሸክላ ካለህ ላክልኝ።»

ይህን ስጽፍልህ ደስታው ገና አልለቀቀኝም፤ የእጅ ጽሑፌ ቢበላሽ አትፍረድብኝ።

እናታችን ወለተ ሐና ጉንጭህን አገላብጠው ስመውሃል። ታናሿ እህታችን ይርጋነሽ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ፎቶግራፍህን ላክልኝ ትልሃለች። ጓዴም ቴፑን ስላዋሰ እንዳትረሳው ብሏል። አባታችን መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በገዛ አፋቸው እግዚአብሔር ይባርክህ ብለውሃል።

እህትህ ባንቺዓለም ኃይለ ጊዮርጊስ
ብቸና፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1974 ዓ.ም.