ከቀጭኔው ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም። የዚህ ቤት ግድግዳ ምስጢር አይችልም፤ እማዬ ደግሞ ጉልበቷ እንጂ ጆሮዋ አልደከመም። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ።

«ሥራ ስላለብኝ መካነ አራዊቱ ይቅር» ስትለኝ ስልኩን ጆሮህ ላይ ዘጋሁብህ። ከዚያ ወዲህ በልቤ ከአንተ ጋር ስጣላ ሰነበትኩ። መነጽር ቤት ቆሜ እየሠራሁ እጣላሃለሁ። ሥራዬን ታውቀዋለህ። የማላውቀው ሰው ፊቱን ይሰጠኛል፤ መነጽሩን ከጆሮው ጀርባ አስተካክልለታለሁ። «ጠበቀዎት?» እላለሁ። «አልጠበቀኝም» ይላል። ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ስነካ እውላለሁ፤ የቀን ወሬዬም ይኸው ነው።

እማዬንና ልጆችህን መካነ አራዊቱ ውስጥ የማገናኘቱን ዕቅድ እኮ እንደ ሠርግ ነበር የደገስኩት። ቀድሜ ሄጄ አየሁት። ዋናው በር ደረጃ አለው፤ የጎኑ በር ግን ሜዳ ነው። ከቀጭኔው አጥር ፊት ለፊት ዛፍ ያጠላበት አግዳሚ አለ። የቀረውን በስልክ ዘበኛውን ጠየቅሁት።

«አንበሳው ነቅቶ የሚገኘው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«እህቴ፣ እኔ በር ጠባቂ ነኝ። አንበሳው ፕሮግራሙን አያማክረኝም።»

«ተሽከርካሪ ወንበርስ አላችሁ? ለእናቴ ነበር።»

«አለ። አንዱ ጎማው ያለቅሳል እንጂ ይሄዳል።»

ሳቅሁ። እማዬ ከሶፋዋ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። ዕቅዱ የፈረሰው ያን ጊዜ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

ትናንት ራሴን አሞኝ ከሥራ ቀደም ብዬ ተመለስኩ። ኮሪደሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ እማዬ ከአንተ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ።

«አደራህን፣ ሥራ አለብኝ እንዳልክ ጽና። አትምጡ ያልኩህ እኔ መሆኔን ካወቀች መግቢያ መውጫ ታሳጣኛለች።»

ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት አልነበረም። ቅናት ነበር። ሁለታችሁ ምስጢር አላችሁ። አብሬያት የምኖረው፣ ፀጉሯን የማበጥረው፣ ሌሊት ስትገላበጥ የምሰማት እኔ የልቧን የምሰማው ከበር ኋላ ቆሜ ነው።

ገባሁ።

«እማዬ፣ ለምን?»

«የምን ለምን?»

«ሰምቻለሁ።»

ጉልበቷ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አስተካከለች። «ከሰማሽ ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ልጆቹን ማየት አትፈልጊም?»

«ማየቱንማ እፈልጋለሁ። እንዲያዩኝ ነው የማልፈልገው። በጋሪ እየተገፋሁ ስመጣ ዝንጀሮውን ትተው እኔን ሊጎበኙ ነው? ዝንጀሮውስ ምን ይለኛል? እንጀራዬን ቀማችኝ አይልም?»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሁለታችንም ሳንጨርሰው ተውነው።

እውነቷን ነው፣ ወንድም ጋሼ። ልጆችህ የሚያውቋት ዳሌዋ ሳይሰበር፣ በዚህ ኮሪደር እየሮጠች ስታባርራቸው ነው። ትንሿ ልጅህ በስልክ «አያቴ፣ አሁንም ትይዢኛለሽ?» ስትላት «ምን ገዶኝ!» ትላታለች። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ትሰጥና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

«ደግሞ» አለችኝ፣ «መሄድ የፈለግሽው አንቺ ነሽ። እኔን ሰበብ አታድርጊኝ።»

ለእሷ የደከምኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔ ነኝ «ኑ፣ በዚህ በኩል፣ እጄን ያዙ» ማለት የናፈቀኝ። የእኔ የሆነ፣ የማውቀው ፊት መንካት።

ቁጭ ብለን ተደራደርን። ብዙ ከተከራከርን በኋላ «ቁጭ ብዬ የሚያገኙኝ ከሆነ እሺ» አለች። ስለዚህ አሁን የምጽፍልህን በደንብ ያዝልኝ።

የወሩን የመጨረሻ እሁድ ኑ። እኛ በሩ እንደተከፈተ እንገባለን፤ አግዳሚው ላይ አስቀምጫት ተሽከርካሪ ወንበሩን ለዘበኛው እመልሳለሁ። እናንተ ረፈድ አድርጋችሁ ኑ። ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዞራ ዞራ እንደደከማት እንደማንኛዋም አያት ተቀምጣ ታገኟታላችሁ። ልጆቹ «ነይ» ቢሏት «እናንተ ዙሩ፣ እኔ ቀጭኔውን እጠብቃለሁ» ትላቸዋለች። በእሷ ፋንታ የምታባርራቸው አንተ ነህ፤ ትንፋሽ ቢያጥርህም ሩጥ። አንበሳው ተኝቶም ቢሆን እያገሳ ነበር ብለው ይንገሯት፤ ታምናቸዋለች።

ስትሄዱ ቀድማችሁ ውጡ። እኔ «ትንሽ እንቆያለን» እላለሁ።

ውሸት ነው አትበለኝ። አንድ ቀን ማወቃቸው አይቀርም። ያቺ እሁድ ግን ለእሷ ትሁንላት።

ከአግዳሚው እስከ በሩ ያለው መንገድ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ተሽከርካሪ ወንበሩ ሲመጣላት ልጆቹ ዞረው እንዳያዩ እጃቸውን ያዝ፤ የሆነ ወሬ አውራላቸው። አንተ ግን፣ ለእኔ ስትል፣ አንድ ጊዜ ዞር በል።

እዚያው ቆሜ የማይህ
ታናሽ እህትህ