እጀታ ያለው የጨርቅ ሣጥን

ጥቅምት 8
ዛሬም ጉምሩክ፣ ታሪፍ ምደባ ክፍል የሰው ዕቃ ስገለብጥ ዋልኩ። ይሄ ምንድን ነው? የቱ ምድብ ይገባል? ቀረጡስ?... ከሰዓት የጨርቅ ሣጥን መጣ። ጎኑ ካርቶን፣ ላዩ ዚፕ፣ ፊቱ ላይ እጀታ። የማሸጊያውን ሥዕል አየሁ፣ እጀታውን አየሁ፣ "የጉዞ ሻንጣ" ብዬ ፈረምኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ቤት ስገባ አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከሻንጣው ሸሚዝ ያወጣል። እኔ ጋ ከመጣ ስምንት ወሩ! ቁም ሣጥኑ ባዶውን ቆሞ እሱ ከሻንጣ ይለብሳል። "ወሩ ሲያልቅ ወደ ቤቴ ነኝ" አለ ደግሞ። እማዬ ከሞተች ወዲህ ማንም የሌለበት ቤት... ደረጃው ላይ የወደቀበት ቤት። "እሺ" አልኩ። ምን ልበል?

ጥቅምት 10
የሣጥኑ አስመጪ ቅሬታ ይዛ መጣች። "እህቴ፣ ይሄን ይዞ መንገድ የሚወጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? የልብስ ማስቀመጫ እኮ ነው! በሻንጣ ቀረጥ ከወጣ ማን ይገዛኛል?" እጀታውን አሳየኋት። "እጀታማ የጠረጴዛሽ መሳቢያም አለው" ብላኝ ወጣች።

 ተናድጄ መሳቢያዬን ጓ አድርጌ ዘጋሁት።

ጥቅምት 11
አለቃዬ "ናሙናውን ሞልተሽ አንስተሽዋል?" አሉኝ።

አላነሳሁም። ክፍላችን ውስጥ የታወቀ ነው፤ እጀታ ያለው ዕቃ ይሞላል፣ ይነሳል፣ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ይዘውት ይኬዳል። ለአዲስ ገቢዎች ይሄን የማስተምረው እኔው ነኝ። አፈርኩ። "የሚያነሳውስ ቤትሽ አለ" ብለው ሳቁ። አባዬ አውቶቡስ ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ሻንጣ ሲጭንና ሲያወርድ እንደኖረ ያውቃሉ። ለናሙናው ፈርሜ ቤት ይዤው ገባሁ።

አባዬ መነጽሩን አደረገ። ስፌቱን በጥፍሩ ጫር ጫር... "ምን ልሙላበት?" ያገኘኸውን አልኩት። የራሱን ሻንጣ ከፍቶ ሸሚዙን፣ ሹራቡን፣ የእማዬን ሻርፕ ሳይቀር አጣጥፎ ከተተ። አንጠልጥሎ ሳሎኑን ዞረ። በሦስተኛው ዙር የእጀታው ስፌት ተተረተረ።

"ይኸውልሽ። የሻንጣ እጀታ የታችኛውን ክብደት እንዲይዝ ነው የሚሰፋው። ይሄ ፊቱ ላይ ጣል ተደርጓል። ከመደርደሪያ ለመሳብ እንጂ መንገድ አይችልም ልጄ።"

አንተስ ትችላለህ? ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ጥቅምት 12
ናሙናው መመለስ አለበት። ልብሱን አንድ በአንድ አውጥቶ ወደ ሻንጣው መለሰ። ሻርፑን መጨረሻ ላይ። ቆሜ አየሁት።

ጥቅምት 14
"ሻንጣ" ያልኩትን ሰርዤ "የቤት ውስጥ ማስቀመጫ፣ የተሰፋ የጨርቅ ውጤት" አልኩ። ሞልቼ ሳላነሳ ወሰንኩ ብዬም ጻፍኩ፣ ሳልሸፋፍን። በገዛ ፊርማ ላይ መስመር ማስመር እንዴት ያማል! አለቃዬ አንብበው "አባትሽን እንቅጠራቸው እንዴ?" አሉ። አስመጪዋ ጨብጣኝ ሄደች።

ጥቅምት 29
ሣጥኖቹ ገበያ ወጥተዋል። እንደማንም ሸማች ሁለት ገዛሁ። የአባዬ አልጋ ላይ ሳስቀምጥ ገባ። ሻንጣው በር ሥር ተዘግቶ ቆሟል... ነገ ሊሄድ ነው። ያሰብኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

"አባዬ፣ አትሂድብኝ" አልኩ።

ከሣጥኖቹ አንዱን አንስቶ እጀታውን ሳብ አደረገ። ከዚያ፦ "ስምንት ወር ሙሉ ይሄን ማለት አቅቶሽ ነው? ተቀመጥ ሳይሉት የሚቀመጥ እንግዳ አለ?"

እኔ እኮ የማይፈልገው እሱ መስሎኝ ነበር!

ኅዳር 1
ከሥራ ስገባ ልብሱ ሁለቱ ሣጥኖች ውስጥ ተጣጥፎ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብቷል። ሻርፑ ከላይ። ሻንጣውስ? ወጥ ቤት አገኘሁት። ክፍቱን፣ እስከ አፉ ድንች ሞልቶበት።

"ምን ላድርገው? ለድንች ጥሩ ነው" አለ።

ሳቅኩ፣ አለቀስኩም። "አሁን ይሄን ምን ብዬ ልመድበው?"

"ሞልቼልሻለሁ፣ አንሺዋ!"

በሁለት እጄ ያዝኩት። ንቅንቅ አላለም።