አንጓቼ፣ ባልሽ መሮጥ ጀመረ

አንጓቼ፣ የቤቴ ምሰሶ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ከተለያየን ዓመት ከአሥር ቀን ሆነ። ዓመቱን የቆጠሩት ልጆችሽ ናቸው፤ አሥሩን ቀን ግን እኔ ነኝ የቆጠርኩት። በየቀኑ ይህን ወረቀት አነሳና «ይህንንማ እሷም አታምነኝ» እያልኩ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ዛሬ ሁሉም ገብስ አጨዳ ወርዶ ቤቱ ጭር ስላለ፣ ከደጁ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ ጀመርኩት። አደራ፣ ስትስቂ ቀስ ብለሽ ሳቂ፤ ጎረቤቶችሽ ዕረፍት ላይ ናቸው።

ባልሽ ሯጭ ሆኗል።

አዎ፣ እኔው ነኝ። ያ ከምድጃው እስከ ደጅ ሲሄድ መሐል ላይ አረፍ የሚለው፤ ያ «ተነስ እንጂ፣ መደቡ ቅርጽህን ያዘ» እያልሽ ስትነዘንዢው የኖርሽው።

ቆይ፣ መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ልጃችን አድማሱ የጓዳውን ክዳን በቆርቆሮ ለወጠው። አሁን ዝናብ ሲመጣ እቤት ውስጥ መነጋገር አይቻልም፤ ስለዚህ እሱና ሚስቱ ክረምቱን ሙሉ ሳይጣሉ ከረሙ። በሬያችን ቡሬ አርጅቶ ከቀንበር ወጥቷል፤ እንደ እኔው ደጅ ተጋድሞ ያመነዥካል። ጌሾሽ አልደረቀም፤ እንዲያውም አጥሩን አልፎ የሰው ግቢ እያየ ነው። የአድማሱ ትልቋ ልጅ፣ ትርንጎ፣ ተመርቃ መጥታ አርብ ገበያ ትምህርት ቤት ስፖርት ታስተምራለች። «ስፖርት ደግሞ ትምህርት ሆነ?» ብዬ ስቄባት ነበር። የሳቄን ዋጋ ኋላ በእግሬ ከፈልኩ።

አሁን እንዴት እንደ ወፈርኩ ልንገርሽ፤ ጥፋቱ ያንቺ ነውና። ሞፈሩን ለልጅሽ ካስረከብኩ ወዲህ ሆዴ ቀደም ቀደም ማለቱን ታውቂያለሽ። አንቺ ስትሞቺ ግን አገሩ ሁሉ አዘነልኝ፤ እኛ አገር ደግሞ ያዘነልህ ሰው ያጎርስሃል። እዝን ያልያዘ እጅ በበራችን አልገባም። ጎረቤታችን የሺ እንጀራውን ጠቅልላ ከአፌ ታደርስና «በሞቴ!» ትላለች። እምቢ ስላት «አፈር ስሆን!» ትጨምራለች። በሞቴ የተባለበት ጉርሻ እንዴት ይመለሳል? ያንን ዋጥ ሳደርግ ሌላዋ ትነሳና «በሷ አጽም ይዤዎታለሁ» ትለኛለች፤ አንቺን ማለቷ ነው። ይህንንስ ማን ይመልሰዋል? አርባሽ ሳይደርስ ቀበቶዬ አልደርስ አለኝ። እስቲ አስተውይልኝ፦ በሞቴ ካሉት ሁሉ አንድም የሞተ የለም። የሞትሽው አንቺ፣ የወፈርኩት እኔ።

የሚቀጥለውን ግን ሳልቀልድ ነው የምጽፈው።

የቀብርሽ ዕለት ምን እንደ ሆነ ለማንም አውርቼው አላውቅም። ማርያም ከዳገቱ አናት ናት። ወጣቶቹ ቃሬዛሽን እየተቀባበሉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድረስ ብለው፣ ሽቅብ እንደ ንፋስ ወሰዱሽ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ከዳገቱ እኩሌታ፣ ከወይራው ሥር ስደርስ፣ ትንፋሼ ተቆረጠና ከድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። እነሱ ከሽማግሌዎቹ መሐል ያለሁ መስሏቸዋል፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከቃሬዛው ጎን ያለሁ። ኋላ አንድ ሰው በበቅሎ ጭኖ ሲያደርሰኝ አፈሩ ተመልሶ፣ ድንጋዩ ተደርድሮ፣ ሰው ልብሱን እያራገፈ ነበር። ስትወርጂ አላየሁሽም። አርባ ስድስት ዓመት አብሬሽ ኖሬ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት የቀረሁብሽ በሆዴ ምክንያት ነው።

በአርባሽም በሰማንያሽም በበቅሎ ወጣሁ። እንደ ጨው አሞሌ ተጭኜ መጥቼ ይቅርታ ልጠይቅሽ አፈርኩ። ስለዚህ ማልኩ፦ ለሙት ዓመትሽ በእግሬ እወጣለሁ፤ ያን ዕለት ልልሽ የሚገባኝን እልሻለሁ።

መማሉ ቀላል ነው፤ እንደ ጉርሻ ነው፣ አፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። ፋሲካ አልፎ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ልጅ ክንዴን አስራ ነፋችና «አባባ፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል፤ ካልቀነሱ ልብዎ ዳገት አይችልም» አለችኝ። የትኛውን ዳገት እንዳሰብኩ በምን አወቀች? ክብደቴን ልትለካ ስትል ግን የነበራት ሚዛን የሕፃናት ነው። ልጄ፣ በዚህ ልታንጠለጥይኝ ነው? ብላት እስክትወድቅ ሳቀች። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ አርብ ከገበያው ወርጄ ከእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ፣ ከገብሱ ጆንያ አጠገብ ወጣሁ። ሰውዬው አብሮ አደጌ ነው፤ ታውቂዋለሽ፣ አፉ መቼም አያርፍም። ገበያው እንዲሰማ ጮኾ «ኧረ ተሻሙ! ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ያልተበጠረ፣ ግማሹ ገለባ!» አለ። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ መመዘኔ የገበያው ጨዋታ ሆነ።

ያሰለጠነችኝ ትርንጎ ናት። ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ሁለተኛው ሮጥ፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ረገጥ ረገጥ። የመጀመሪያው ቀን ብቻዬን ወጣሁ፤ ሸማዬን አጣፍቼ፣ ዱላዬን በብብቴ ይዤ፣ በታችኛው መንደር በኩል ሮጥኩ። አንቺ፣ አንድ ነገር ዘንግቼ ኖሯል። በኛ አገር ሽማግሌ የሚሮጠው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። የየሺ ምራት ከአጥሩ ላይ አየችኝና «ወይኔ! አባባ መርዶ ይዘው እየሮጡ ነው!» ብላ እሪ አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ዞር ስል ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ዱላውን ይዞ፣ ግማሹ ሰፈር እያለቀሰ ይከተለኛል። ቆሜ ማንም አልሞተም እንዳልል ትንፋሽ የለኝ! እጄን ሳወዛውዝ ደግሞ ደረት የምመታ መስሏቸው ባሰባቸው። ትንፋሼ ሲመለስ «ለጤናዬ ነው» አልኩ። አንድ አልቃሽ ከኋላ፣ «ታዲያ አስቀድመው አይነግሩንም ኖሯል? ስንት እንባ ባከነ!» አለች። በእሑዱ መምሬ ወርቁ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው፣ እኒህ ሽማግሌ የሚሮጡት በሐኪም ትእዛዝ ነው፣ ማንም እንዳያለቅስባቸው ብለው አወጁ። የእድሩ ዳኛ ደግሞ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ይዞኝ፣ «በርቱ አባባ፣ ለኛም ሲሉ ይሩጡ፤ ያንን ዳገት የምንሸከምዎት እኛ ነን» አለኝ።

ጉርሻውንም ተዋግቻለሁ። የሺ በሞቴ ስትለኝ «አንቺ ከምትሞቺ እኔ ልክሳ» እላታለሁ። ተቀይማኝ ሰንብታ፣ አሁን የተቀቀለ ባቄላ ታመጣልኛለች። እሱንም ግን በሞቴ ብላ ነው።

ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ጉሙም መጣ። ከበሽሎ ወንዝ ገደል ሥር ይነሳና ማለዳ ማለዳ መንደሩን እንዳለ ይውጠዋል። ቤት የለ፣ አጥር የለ፣ የራሴ እግር እንኳ ከጉልበቴ በታች የሰው ይመስለኛል። ገብሱ በግራም በቀኝም ሲተኛና ሲነሳ በሐይቅ ላይ የምሮጥ ነው የሚመስለው። አንድ ማለዳ እንዲህ ስሄድ፣ ከፊቴ ነጭ ነገር አየሁ። ነጠላ። ከነጠላው በላይ የዶሮ ቅርጫት። ያ ቸኩሎ ቸኩሎ መሬቱን የማይነካው አረማመድ።

የአገሩ ወግ ባል ከፊት፣ ሚስት ከኋላ ነው። እኛ ግን ሁሌ አንቺ ከፊት ነበርሽ። አርብ አርብ ገበያ ስንወርድ ሰዉ «አንጓች፣ ባልሽን የት ጣልሽው?» ሲልሽ «እኔ ዶሮ ልሸጥ ነው የምሄደው፣ እሱ ወሬ ሊገዛ፤ ምን ያስቸኩለዋል?» ትይ ነበር። እኔም ከኋላ ሆኜ ተረከዝሽን እያየሁ፣ ምን አባቷ ያስሮጣታል እያልኩ እኖር ነበር። ያን ማለዳ ግን አልተናደድኩም። ተከተልኩሽ። ሦስት ምሰሶ፣ አራት ምሰሶ፣ ሳልራመድ ሮጥኩ። አልደረስኩብሽም፤ አንቺም ዞር አላልሽም። ጉሙ ሲነሳ መንገዱ ላይ እኔና አንድ የጠፋች ጥጃ ብቻ ነበርን። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ትርንጎ «ዛሬ በማን ብርታት እንዲህ ሮጡ?» ስትለኝ አልነገርኳትም። የባልና ሚስት ነገር ነው።

መስከረም ጠባና ጉሙ ሄደ። አንቺም አብረሽ ሄድሽ። አበባው ፈካ፣ ሰማዩ ጠራ፣ እኔ ሰነፍኩ። ጉልበቴም አመመኝ፤ ድግሱም በዛ። አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ፤ ለመምሬ ወርቁ አልተናዘዝኩትም። ትርንጎ እርምጃ የሚቆጥር ስልክ ሰጥታኝ ነበር፤ ማታ ማታ ታየዋለች። እኔ ስልኩን በጨርቅ ጠቅልዬ ከአህያይቱ አንገት ላይ አሰርኩት። አህያይቱ ውኃ ስትቀዳ፣ ወፍጮ ስትወርድ፣ ገበያ ስትመላለስ ትውላለች፤ እኔ በሶዬን በቅቤ ለውሼ ከግርግሙ ጀርባ ቁጭ። አንድ ማታ ትርንጎ ስልኩን አየችና «አባባ! ይህንን ሁሉ?» ብላ ተነስታ ግንባሬን ሳመችኝ። እንባዋ መጣ። «ለእማማ ብለው እኮ ነው» አለች።

ያ ስሞሽ እንደ በሶው አልወረደልኝም። ልጅቷን ማታለሉ አይደለም የከበደኝ፤ እሷን ሕፃን ሳለች ጀምሮ ሳታልላት ነው የኖርኩት። የከበደኝ ሌላ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተቀምጬ ስበላ፣ ስሮጥ የምሰማው የእግርሽ ኮቴ ከጆሮዬ ጠፍቶ ኖሯል። ላስታውሰው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ዝም። የድስት ክዳን ይሰማኛል፣ የቡሬ ማመንዠክ ይሰማኛል፣ ያንቺ ኮቴ ግን የለም። ደነገጥኩ። ስቀመጥ ትጠፊብኛለሽ፤ ስሮጥ ትመጫለሽ። ዳገቱን ደግሞ አህያይቱ አትወጣልኝም። በማግስቱ ስልኩን ፈትቼ ለትርንጎ እውነቱን ነገርኳት። ተቆጣች፤ ከዚያ አህያይቱን አይታ «እውነትም እሷ ናት የከሳችው» ብላ ሳቀች። ያለ ጉምም፣ ያለ ነጠላም ሮጥኩ። አምስት ምሰሶ። ስምንት። በጥቅምት መጨረሻ እህል ነጋዴው ሚዛኑን አየና ራሱን ነቀነቀ፦ «ወዳጄ፣ ነቀዝ ገብቶብሃል።» እንዲህ ያለ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም።

የሙት ዓመትሽ ዕለት አድማሱ በቅሎዋን ኮርቻ ጭኖ አቀረበልኝ። ኮርቻውን አውርድና የዝክሩን ዳቦ ጫንበት አልኩት። ጎህ ሲቀድ እኔና ትርንጎ ቀድመን ወጣን። ሮጥኩ እንዳልልሽ፤ ዳገት ላይ የሚሮጥ ጦጣ ብቻ ነው። ግን አልቆምኩም። ወይራው ጋ ስንደርስ ትርንጎ ድንጋዩን አሳይታ እንረፍ ወይ አለች። «እዚህ ዓመት ሙሉ ተቀምጬበታለሁ፤ ይበቃኛል» አልኳት። ከወይራው በላይ ያለውን መንገድ በእግሬ ካየሁት ቆይቷል። ጤዛው፣ ከጽዱ የሚወርደው ሽታ፣ ከላይ የሚመጣው የቅዳሴ ዜማ፤ የምወጣ ሳይሆን የሚስበኝ ገመድ ያለ መሰለኝ።

የቅጽሩን በር ተሳለምኩና ወደ አንቺ መጣሁ። ከሰው ሁሉ ቀድሜ። በሕይወቴ የትም ቀድሜ ደርሼ አላውቅም። የምልሽን ዓመቱን ሙሉ ቃል በቃል አዘጋጅቼዋለሁ፤ አፌን ከፈትኩ፣ ትንፋሽ የለም። ተንበርክኬ መዳፌን ከድንጋይሽ ላይ አሳረፍኩ። ልቤ ሲመታ እስከ መዳፌ ይመጣል፤ ድንጋዩም ይመልሳል። የኔ ይሁን ያንቺ መለየት አቃተኝ፤ ልለየውም አልፈለግኩ። ትንፋሼ ሲመለስ አድማሱ ከነበቅሎው፣ መምሬ ወርቁ የዕጣን ጥናቸውን ይዘው፣ ሰፈሩም ተከትሎ ደረሰ። በሰው ፊት የማይባል ነገር ነው፤ ዋጥኩት።

ይኸው እንግዲህ፣ ደብዳቤው ለዚህ ነው። ይቅር በይኝ፣ አንጓቼ። ስትወርጂ አጠገብሽ አልነበርኩም። ጮኼ ቆዩኝ ማለት ሲገባኝ፣ በሰው ፊት ማለክለኩ አሳፍሮኝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ድካም ብቻ አልነበረም፤ ኩራትም ነበረበት። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም፤ አንቺ ግን ሳልነግርሽም ታውቂ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቃሌ ይህ ነው። ወር በገባ በሃያ አንድ፣ ጉልበቴ እስከ ቻለ ድረስ፣ በእግሬ እመጣለሁ። ስምሽን በቅዳሴው አስጠራለሁ። ማለዳ መንገድ ላይ አስብሻለሁ፤ ተቀምጬም እንዳልረሳሽ እየተለማመድኩ ነው። አንድ ነገር ብቻ እንዳይምታታብሽ፤ ይህ ሁሉ ሩጫ ለጥየቃ ነው። ለመቅረት የምመጣ ዕለት አልሮጥም፤ ከየድንጋዩ አረፍ እያልኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እንዴት አደርክ እያልኩ፣ በጣም ቀስ ብዬ ነው የምመጣው።

ባልሽ