የሻለቃው ጫጩቶች ቀለብ

ይድረስ ለማልጠግብህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጣቶችህስ እንዴት ናቸው? ያ የቀዘቀዘ መጋዘን አሁንም ያደነዝዛቸዋል ወይስ የላክሁልህ የጓንት ገበር ትንሽ አሞቃቸው? እንቅልፍህስ? ምግብህስ? እማማ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠይቂው ብላኛለችና አንድ በአንድ መልስልኝ፤ «ደህና ነኝ» ብለህ በአንድ ቃል ብትገላገል አትቀበልህም። እኛ ደህና ነን። አባባ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን ያማርራል እንጂ ከሥራ አላስቀረውም፤ የሰው ቧንቧ ሲጠግን ይውላል፣ የኛው ቤት ቧንቧ እንደ ልማዱ ይንጠባጠባል። እማማም የትምህርት ቤቱን ድስት እያማሰለች ነው። እኔ ኮሌታ ስሰፋ ውዬ ኮሌታ ሳልም አድራለሁ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ ሁለት ነገር ጠይቀኸኛል። አንደኛው ዓሦችህ እንዴት እንደሆኑ ነው። ሁለተኛው አባባና እማማ መነጋገር ጀመሩ ወይ የሚል ነው፤ ካልጀመሩ ውሌን አፍርሼ እመጣለሁ ብለሃል። ሁለቱም መልስ አላቸው፤ ግን መልሱ እርስ በርሱ ስለተጠላለፈ ከዓሦቹ ልጀምርና እንዳመጣጡ ልንገርህ። ገጹን ዘለህ መጨረሻውን እንዳታነብ፤ አውቅሃለሁ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ቤቱ እንዴት እንደነበር እስከዛሬ አሳጥሬ ነው የጻፍኩልህ። አባባ ሻንጣህን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ስለሸኘህ፣ እማማ ልጄን የሰደደው እሱ ነው ብላ ደመደመች። እሱም ሊያስረዳት አልሞከረም። ከዚያ ወዲያ አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበሉ የሚነጋገሩት በኔ በኩል ሆነ። እማማ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ለአባትሽ ራት ቀርቧል በዪው ትለኛለች፤ እሱም ማንኪያውን እንደያዘ ለእናትሽ እጇ ይባረክ በያት ይለኛል። እኔ መሃል ሆኜ ሳመላልስ ራቴ ይቀዘቅዛል። እየቀለድኩ እንዳይመስልህ፤ አንዳንድ ቀን ልብስ ማጠቢያው ጋ ቆሜ አልቅሻለሁ።

እንዲህ እያለን ነው፣ አረጀ ያልነው ሻለቃው ጎጆ የሠራው። ጉንጩን ነፍቶ የራሱን ጥላ ሲያስፈራራ የሚውለውን ቀዩን ዓሣህን ማለቴ ነው። ውሃው ላይ አረፋ ከምሮ እንቁላሎቹን እዚያ ሰካቸው፤ አንዱ ሲወድቅ በአፉ ለቅሞ ይመልሰዋል። እንዳስተማርከኝ ሚስቱን ወደ ትንሹ ገንዳ አዛወርኳት፤ ጫጩቶቹ መዋኘት ሲጀምሩም እሱን ከነኩርፊያው አወጣሁት። ሻለቃው ዘር ሳይተካ እንዳይሞት ብለህ አደራ ጥለህብኝ ነበርና ደስታዬን አልቻልኩትም። ግን ብዙም አልቆየ። የተውክልኝን ደረቅ ቀለብ እንደ ዱቄት አልሜ ብበትንላቸው ዞር ብለው አላዩትም፤ የማይንቀሳቀስ ነገር ምግብ አይመስላቸውም። ከሽፋሽፍት የማይበልጡ ፍጥረቶች መክሳታቸው እንኳን አይታይም፤ ጠዋት ስትነሳ አንሰው ታገኛቸዋለህ።

ሲጨንቀኝ ጸጉር አስተካካዩ ጋ ሄድኩ፤ መስታወቱ ሥር ገንዳ ያለው፣ ዓሣ እያየ የደንበኛ ጆሮ የሚነካው ያ ወዳጅህ ጋ። ነፍስ ያለው ነገር ካልሰጠሻቸው አለቁ አለኝና በወረቀት የጠቀለለው ቡናማ ብናኝ ሰጠኝ። የአርቴሚያ እንቁላል ነው አለ። አርቴሚያ የሚሏት በጨዋማ ሐይቅ የምትኖር ፍጥረት ናት፤ እንቁላሏ ደርቆ ዓመታት ይቀመጥና ጨው ያለበት ሙቅ ውሃ ሲያገኝ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ስትፈለፈል ከቁንጫ ታንሳለች፣ ለጫጩት አፍ ልክ ናት። ሊቀልድብኝ መስሎኝ ትክ ብዬ አየሁት፤ አልሳቀም።

ዕቃውን አባባ ሠራው። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጦ፣ ዘቅዝቆ ግድግዳው ላይ አሰረው፤ ክዳኑን በስቶ የገንዳህን የአየር ፓምፕ ቱቦ አስገባበት፣ ዙሪያውን በላስቲክ ጥርቅም አደረገው። የቤታችን ቧንቧ እንዲህ ያለ እጅ አይቶ አያውቅም። ጨዉን ለእማማ ተውኩላት። ጸጉር አስተካካዩ በማንኪያ ለክቶ ነግሮኝ ነበር፤ እሷ ግን ማንኪያ ምን ያደርግልኛል ብላ በእጇ ቆንጥራ ጨመረችና በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። ይቀረዋል አለች፤ ጨመረች፤ ደግማ ቀመሰች። ከዚያ አባትሽ ፓምፑን ይክፈተው በዪው አለችኝ። አባባ ክርኗ ጋ ቆሟል። ጠርሙሱ የተሰቀለው ማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ሞቅ የሚለው ቦታ ነው። በማግስቱ ከሥራ ስገባ ውሃው ብርቱካንማ ሆኗል፤ ቀርቤ ሳየው ይርመሰመሳል። ምን እደብቅሃለሁ፣ ጮህኩ።

አቀዳዱም ዘዴ አለው። ፓምፑን ስታጠፋው ባዶው ቅርፊት ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ነፍስ ያላቸው ግን ብርሃን ይወዳሉ፤ ከታች ጠርሙሱ አንገት ጋ አምፖል ስታበራላቸው ግር ብለው ይወርዳሉ፣ እነሱን ብቻ ትቀዳለህ። ቅርፊት የበላ ጫጩት ሆዱ ይዘጋል ተብያለሁ። ጨዉ ገንዳው ውስጥ እንዳይገባም በስስ ጨርቅ አጥልለህ በንጹሕ ውሃ ታለቀልቃቸዋለህ፤ ጨርቁ እኔ ከሥራ ቤት ያመጣሁት ቁራጭ ገበር ነው። በጠብታ ስሰጣቸው ጫጩቶቹ ሰውነታቸውን ሰበቅ እያደረጉ ለቀሟቸው፤ ወዲያው የሁሉም ሆድ ብርቱካን መሰለ። ሦስታችንም ገንዳው ላይ አቀርቅረን ስናይ ቆየን። ያን ቀን የሚያመላልሰኝ አልነበረም፤ ማንም ምንም አላለማ።

ታዲያ ሳምንቱ ሳያልቅ ውሃው እንደ ሩዝ እጣቢ ነጣ። ጫጩቶቹ ታች ወድቀው ማለቅ ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት በጠብታ ለክቼ ነበር የምሰጣቸው፤ እንቁላሉ የተበላሸ ነው ብዬ ጸጉር አስተካካዩን ልወቅሰው ሄድኩ። ሰውዬው መቀሱን ጥሎ ተከትሎኝ መጣ፤ ውሃውን አሸተተና ማነው የሚያበላቸው አለ። እኔ ነኝ፣ ጠዋት ብቻ አልኩት። አባባ ጉሮሮውን ጠረገ። ለምሳ ብቅ ስል እኔም ትንሽ ጣል አደርግላቸዋለሁ አለ፤ ትንሽ ያለው ሹሉ የተነቀለለት የሐኪም መርፌ ሙሉ ነው። እማማ እጇን በሽርጧ ጠረገችና እኔም ከሥራ ስመለስ አለች። የሷ ደግሞ በሾርባ ማንኪያ ነው፤ ላንድ ትምህርት ቤት የምታበስል ሴት በጠብታ መስጠት ስስት ይመስላታል።

ሰውዬው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ነገረን። ሦስቴ መብላታቸው ምንም አይደለም፤ ሦስታችሁም የቀኑን ሙሉ ቀለብ ነው የሰጣችኋቸው አለ። ሳይበሉ የቀሩት አርቴሚያዎች ጨው በሌለው ውሃ ብዙ አይቆዩም፤ ይሞታሉ፣ ውሃውን የሚያበላሹትም እነሱ ናቸው። እርስ በርስ ብትነጋገሩ ኖሮ እኮ አለና የሦስታችንን ፊት አይቶ ቀሪውን ዋጠው። ደንበኛዬን በግማሽ ጸጉር ትቼው መጣሁ ብሎ ወጣ።

አባባ ቱቦ አምጥቶ ውሃውን ቀስ ብሎ መሳብ ጀመረ፤ እማማ በቱቦው የወጡ ጫጩቶች እንዳይጠፉ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ከሥር ተንበረከከች። እኔ ጓዳው በር ላይ ሆኜ ጨርቁን አጥባለሁ። እማማ ሳህኑን እያየች፣ ለማን እንደምትናገር ሳታስብ፣ እዚያ የሚበላውን ማን ያውቅለታል፣ እነዚህን እንኳን ላጥግብ ብዬ ነው አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ በኔ በኩል ሳይሆን እሱኑ፣ ስትሸኘው በልቶ ነበር? አለችው።

ጨርቁን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ይህን ሁሉ ወር የጨነቃት ይህ ጥያቄ እንደነበረ ያኔ ገባኝ፤ በኔ በኩል የሚላክ ጥያቄ አይደለም። አባባ ቱቦውን በጣቱ ያዘውና በልቷል አላት። የኔንም ጨምሮ በልቶታል፤ አውቶቡሱ ሲነሳ እኔ ነበርኩ የተራብኩት አላት። እማማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፤ ሳህኑን ግን አላንቀሳቀሰችም።

ታረቁ ብዬ የማጋንን እንዳይመስልህ። በበነጋው አዲስ እንቁላል ስናስገባ አባባ ጨው አበዛሽበት አላት። ልማድ ሆኖብኝ ጨው አበዛሽበት ይልሻል ልላት አፌን ስከፍት፣ እሷ ቀድማኝ ስንት ዓመት ሙሉ ጨዌን ዝም ብለህ ስትበላ የኖርከው አንተ አይደለህ እንዴ አለችው። እስከ መኝታ ተጨቃጨቁ። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ራቴን ትኩስ በላሁ። እንቁላሉ ጥርት ብሎ ተፈለፈለ፤ እማማ እስካሁን ታነሳበታለች።

እንግዲህ መልስህ ይኸውልህ። ከጫጩቶቹ ብዙዎቹ አልቀዋል፤ ሃያ የማይሞሉት ተርፈው ክንፋቸው መቅላት ጀምሯል። አንዱ ከወዲሁ የሌላውን ጥግ ይነጥቃል፤ አባባ ስምህን አውጥቶለታል። ምሳውን እሱ፣ የማታውን እማማ፣ ጠዋቱን እኔ እንሰጣለን፤ ሁላችንም በጠብታ። ስለዚህ ውልህን አታፍርስ። የምትመጣው ናፍቀኸን ነው እንጂ ልታስታርቅ አይደለም፤ በጣም ናፍቀኸናል።

ሻለቃው ጉንጩን ነፍቶ ሰላም ይልሃል። ጸጉር አስተካካዩ ጆሮህን ጠይቂልኝ ብሏል። አብሮህ ለሚኖረው፣ አላንኮራፋም ለሚለው ልጅ፣ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አባባና እማማ በጣም ሰላም ይሉሃል። እስከዛሬ የየራሳቸውን መስመር ለየብቻ ነበር የሚያስጽፉኝ፤ ዛሬ በአንድ መስመር የጻፍኳቸው ወረቀት ለመቆጠብ አይደለም፤ አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ ላይ ስለነገሩኝ ነው።

ኮሌታ ሰፊዋ እህትህ

ከቤት፣ ከገንዳው አጠገብ
ግንቦት 19 ቀን