በምሳ ላይ ኪስዎ ውስጥ ስለገባችው ካርድ

ለክቡር ዶክተር በሱፍቃድ
የባህሪ ትንተና ተማሪዎች የተግባር ልምምድ ሱፐርቫይዘር
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ባለፈው ወር ቤታችን ሲመጡ የለበሱት ያ የሚያምር ጃኬትም በሙሉ ጤንነት እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ዶሮውም እንደተስማማዎ እገምታለሁ፤ ሁለተኛ ሲጨመርልዎ እምቢ አላሉምና።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለመጻፍ የተገደድኩት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት እየተባልኩ ስለተመለስኩ ነው። ላያስታውሱኝ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሶፋ በማልበስ የምተዳደር፣ ኪያ የምትባል መናገር የማትችል ልጅ ያለችኝ አባት ነኝ። የእርስዎ ተማሪ ፈሪዳ ለልምምድ የተመደበችው ከእሷ ጋር እንድትሠራ ነበር። ከዚህ በታች የምዘረዝረውን ቅሬታ እንዳልለው አፍራለሁ፤ ምስጋና ልበለው።

አንደኛ፣ ፈሪዳ እንዳስረዳችን ከሆነ ሱፐርቫይዘር ማለት ተማሪዋ ከልጅ ጋር ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጦ የሚያይ፣ ስትሳሳት እዚያው የሚያርም ሰው ነው። እርስዎ ግን ተማሪዎ ነፃነት እንዲሰማት በማሰብ ይመስለኛል፣ ልምምዱ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ብቅ አላሉም፤ ስትደውልልዎም ከመኪና ውስጥ ሆነው በርቺ ይሏት ነበር። እሷም በርትታለች።

ሁለተኛ፣ በመጨረሻ ቅዳሜ እመጣለሁ ስላሉን አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ግን የራሴን ጉድ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ትልቅ ሰው ሊመጣ ነው ብለን የሶፋውን ልብስ ቀየርን፣ ዶሮ አረድን፣ ኪያን ደግሞ እንግዳ ፊት እንዳትጮህብን ጎረቤታችን እትዬ ወለተሥላሴ ጋ ላክናት። ፈሪዳ ዶክተሩ የሚመጡት እኮ እሷን ሊያዩ ነው ብላ ለመነችኝ። እኔ ግን መጀመሪያ እህል ይቅመሱ፣ ከምሳ በኋላ ትመጣለች ብዬ አፏን አስያዝኳት፤ ባለቤቴም ሽርጥ አስታጥቃ ወጥ ቤት አስገባቻት። እንዲህ አድርገን ሊታዩ የሚገባቸውን ሁለት ሰዎች ደብቀን፣ ወጡን አቀረብንልዎ። እርስዎም ልጅቷ የት ናት ብለው ስላላሳፈሩን አመሰግናለሁ። ተኝታለች የሚል ውሸት አዘጋጅቼልዎ ነበር፤ ሳልጠቀምበት ቀረ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ካርዷ ነው። ፈሪዳ ብርጭቆ ውሃ የተሳለባት ትንሽ ካርድ ሠርታ ስታስተምራት የከረመችው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ኪያ ሲጠማት ካርዷን ውሃው አጠገብ ላለው ሰው ትሰጣለች፣ ያም ሰው ሳይዘገይ ውሃ ይሰጣታል። ለፈሪዳ መስጠት ለመደች፤ ከብዙ ጊዜ በኋላም ለእናቷና ለእኔ። ከቤት ሰው ውጭ ግን ለማንም ሰጥታ አታውቅም። በዚያ ቀን ከእትዬ ወለተሥላሴ ቤት አምልጣ ገባች። እኔን አለፈችኝ፣ እናቷን አለፈቻት፤ የውሃው ጠርሙስ እርስዎ ፊት ነበርና እርስዎ ጋ ደርሳ ካርዷን ዘረጋችልዎ። ፈሪዳ የወጥ ድስት እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

እርስዎም በትሕትና ተቀብለው፣ አመሰግናለሁ የኔ ቆንጆ ብለው፣ ስብሰባ ላይ ቢዝነስ ካርድ እንደሚቀበል ሰው ጃኬትዎ የውስጥ ኪስ ከተቷት። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ ልጅዎ ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ።

“የጎረቤት ልጅ ናት” አልኩዎ።

ክቡርነትዎ፣ በእርስዎ ላይ ልቀልድ የጀመርኩት ደብዳቤ እዚህ ሲደርስ አንገቴን ያስደፋኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ልጄ እጇን እንደዘረጋች ቆማ ጠበቀች፤ ጠበቀችና ያንኑ እጇን ነከሰችው። እኔ የሌላ ሰው ልጅ እንደሚያባብል ሰው አቅፌ አወጣኋት። ስመለስ እርስዎ እጅዎን ታጥበው ለፈሪዳ ልምምዱን በጥሩ ውጤት እንዳለፈች እያበሰሯት ነበር። አልሳቀችም፤ ልሸኛት ስወጣ ታክሲ ተራው ጋ አለቀሰች።

አራተኛ፣ ካርዷን ይዘው መሄድዎ ምን እንዳስተማረልን ላሳውቅዎ። ፈሪዳ ያችኑ የመሰለች ሌላ ካርድ ሠራችላት። ኪያ ግን ጨብጣ ትይዛታለች እንጂ ለማንም አትሰጥም፤ ለእኔም ጭምር። ሲጠማት ጀሪካኑ አጠገብ ቆማ እጇን ትነክሳለች። ፈሪዳ ልምምዷ ቢያልቅም በራሷ ፈቃድ አሁንም ትመጣለች፤ እንዲህ ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ፣ ቁጭ ብሎ አይቶ የሚነግራት ሰው ብታገኝ ደስ ይላታል። እንዲህ ያለ ሰው ያውቁ እንደሆነ ቢጠቁሙን።

እስከዚያው ግን እርስዎን ራስዎን የምለምነው አለኝ። ፈሪዳ በምትሠራበት ሰዓት ይምጡ። ምሳ የለም፤ ዶሮም አይታረድም። እዚያው ሶፋ ላይ ይቀመጡ፣ ካርዷን ለልጅቷ ይመልሱላት፣ ውሃውን ፊትዎ እናስቀምጣለን። ኪያ ካርዷን ከዘረጋችልዎ ተቀብለው ውሃ ይስጧት። ካልዘረጋች ምን እንደሚደረግ ደግሞ ለፈሪዳ ያሳዩአት፤ እኔም ቆሜ እማራለሁ።

ከላቀ አክብሮት፣ ከዚያ ከሚበልጥ እፍረትና ለስብሰባዎችዎ መቃናት ካለኝ ልባዊ ምኞት ጋር፣

የኪያ አባት
ሚደቅሳ ቶኩማ
ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ

ግልባጭ፦
ለፈሪዳ፣ ወጥ ቤት ስላስገባንሽ ከይቅርታ ጋር
ለእትዬ ወለተሥላሴ፣ ሳላስፈቅድዎ ልጄን የእርስዎ ስላደረግሁ ከይቅርታ ጋር

ማስታወሻ፦ ጃኬትዎን ላውንደሪ ከመስጠትዎ በፊት እባክዎ የውስጥ ኪሱን ይፈትሹ። በሚያገኟት ካርድ ላይ ስምም፣ ማዕረግም፣ ስልክ ቁጥርም ስለሌለ የማን እንደሆነች ግራ ሊገባዎ ይችላል። የጎረቤቴ ሳይሆን የእኔ ልጅ፣ ለማታውቀው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠማኝ ያለችባት ናት።