በርበሬ የተሰጣበት በር

ይድረስ በመርጡለ ማርያም፣ እኅቴ ሆነሽ ሳለ እንደ እናት ላሳደግሽኝ ለእታለም ወለተ ሐዋርያት። እንደምን ሰንብተሻል? እጅግ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ እንደምን ነው? ደመና ባየ ቁጥር የሚያምሽን ቀኙን ማለቴ ነው። ልጆቹ እንደምን አሉ? የብርጓል ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቀው? ላሚቱስ ወለደች? ባለቤትሽ አያ አወቀ እንደምን አሉ፣ ቁጣቸውስ እንደምን አለች? እኔ ወንድምሽ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከአንቺ ናፍቆትና ከሥራ ማጣት በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡልሽ እንደ ወትሮው የዜማ አስተማሪዬ መሪጌታ አካለ ወልድ እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ልማዳቸውንም አውቃለሁ። የማይወዱት ቃል ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ራቅ ያደርጉና ሳል ይይዛቸዋል፤ ሳሉ ሲለቃቸው ሦስት መስመር ተዘሏል። ስለዚህ መሪጌታ፣ ሳል ሲመጣብዎት ቦታውን በጣትዎ ይዘው ያስሉልኝ። እታለም፣ አንቺም ባሳሉ ቁጥር «ይድገሙት» በያቸው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አያ አወቀ የሰጡኝን ቀጠሮ አልረሳሁም። እስከ ሰኔ ሚካኤል ድረስ የሚያሠራኝ ባለሙያ ካላገኘሁ ተመልሼ ሞፈር እይዛለሁ፤ ከጎታው ውስጥ ከጤፍ ሥር ደብቀሽ ያወጣሽልኝ የአባታችን መሮና መጋዝ፣ መጥረቢያውም፣ ለቀጥቃጭ ተሰጥተው ማረሻ ይሆናሉ። ጣልያን ከገባ ወዲህ ብረት ከገበያ ጠፍቷል፣ እውነታቸውን ነው። ግን እታለም፣ የዚያ መሮ እጀታ ላይ የአባታችን አውራ ጣት ያሰረጎደው ቦታ አለ። የኔ ጣት አሁን ልክ ይገባበታል። ይህን ለአያ አወቀ ብነግራቸው «ጣት አያርስም» እንደሚሉኝ ስለማውቅ ላንቺ ብቻ ጻፍኩት። ለመሪጌታም፣ ለካ።

በጥር ወር ደብረ ማርቆስ ስገባ ከተማው በአናጢ ተሞልቶ አገኘሁት። አናጢ የበዛበት ሥራ የበዛበት መስሎኝ ደስ አለኝ። ኋላ ሲገባኝ ሁሉም ሥራ አጥቶ ደጁ ላይ ስለተቀመጠ ኖሯል የበዛብኝ። ገንዘብ ያለው ቤት አይሠራም፤ ዛሬ ያቆመውን ነገ ማን እንደሚያቃጥለው አያውቅማ። ጣልያኑም ግንቡን ጀምሮ ትቶታል። ከሉማሜ ወዲህ መንገዱ እየተቆረጠ ካሚዮን አይደርስም፤ ማን እንደሚቆርጠው አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አልጽፍም። ካሚዮን ካልመጣ ምስማር የለም፣ ሲሚንቶ የለም፣ ቆርቆሮ የለም። የቀረ ነገር ቢኖር ምክር ነው። ምክርስ በየደጁ ተትረፍርፏል።

መጀመሪያ የተጠጋሁት አያ እንዳላማው የሚባሉ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ነው። ይህ ሙያ በዓይን ነው የሚገባው፣ ቁጭ ብለህ እይ አሉኝ። ቁጭ ብዬ አየሁ። ሦስት ወር ሙሉ ያየሁት ሲያዛጉ ነው። በማዛጋት አሁን እኔም ከሳቸው አላንስም። እንዲያው ምንም አይሠሩም ብል ግን ሐሰት ይሆንብኛል። አንዲት የዋንዛ ጣውላ አለቻቸው፤ እሷን በየጠዋቱ ይልጓታል። ፍቅፋቂው ደጃቸው ተበትኖ ሲታይ መንገደኛው ሥራ ያለ ይመስለዋል። የኔ ሥራ ደግሞ ማታ ፍቅፋቂውን በቅርጫት ለቅሞ ጠዋት መልሶ መበተን ነበር። ጣውላዋ በጥር ሦስት ጣት ትወፍር ነበር፤ በመጋቢት ልጅሽ ማሬ ብታያት ቂጣ ናት ብላ ትገምጣት ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቀጥቃጭም ብረት ሳይኖራቸው ባዶውን መስፍ ሲደበድቡ ይውላሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በየጠዋቱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። «ሥራ እንዴት ይዞዎታል?» ይላሉ አንዱ። «ኧረ ፋታ የለኝም!» ይላሉ ሌላው። ሁለቱም እውነቱን ያውቃሉ፤ ከሁለቱም ፊት ግን ምንም አይነበብም። እኔ ልስቅ ስል ቅርጫቱን አንስቼ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ።

በሚያዝያ ግን እውነተኛ ሥራ መጣ። ወይዘሮ ጥሩብርሃን የሚባሉ እህል ነጋዴ የድንጋይ ቤት አሠርተው ጨርሰው ኖሮ፣ የቀራቸው በር ብቻ ነበር። አያ እንዳላማው ወገባቸውን ስለሚያማቸው ሥራውን ለኔ ሰጡኝ። ሄጄ ቁመቱንና ወርዱን በክንዴ ለክቼ መጣሁ።

አባታችን በር ሲሠራ ታስታውሻለሽ? ብረት የለውም፣ ምስማር የለውም። የሳንቃው ጠርዝ ከላይና ከታች እንደ አውራ ጣት ይወጣል፤ የላዩ በጉበኑ ቀዳዳ፣ የታቹ በመድረኩ ቀዳዳ ገብቶ ይዞራል። እኔም እንዲሁ አደረግኩ። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። እታለም፣ መመካት አይሁንብኝና እንዲህ ያለ በር በዚህ ከተማ አልታየም፤ በጣትሽ ብትገፊው የሚዞር ነው። አያ እንዳላማው ዘጠኙን ቀን አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ወጣት ልጅ ትዕቢት መከሩኝ። በሩን ግን አንድ ጊዜም ዞር ብለው አላዩትም።

በአሥረኛው ቀን ለሁለት ተሸክመን ወሰድነው። ከቤቱ ፊት ሳቆመው ነው ስሕተቴ የገባኝ። በኛ አገር እንዲህ ያለ በር ከነመቃኑ አስቀድሞ ይቆማል፣ ግንበኛው ግድግዳውን ኋላ ዙሪያውን ያነሳዋል። እዚህ ግን ቤቱ አልቋል፣ ጉበኑ ቀዳዳ ሳይኖረው ገብቷል፣ በላዩ ስንት ድንጋይ ተጭኖበታል። እነዚያን አውራ ጣቶች ምን ውስጥ ላስገባቸው? ቤቱ ማለቁን ስለካ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እጄ ግን የሰማው አባታችንን ነው።

ወይዘሮ ጥሩብርሃን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በሩን አዩት፣ ቤቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «እና ልጄ፣ ለዚህ በር ስል ቤቴን ላፍርስልህ?» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ሳቀ። የብረት ማጠፊያ ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ፤ ካሚዮኑ ሲመጣ አሉኝ። አያ እንዳላማው በሰው ሁሉ ፊት ይህን ልጅ ከዛሬ ጀምሮ አላውቀውም አሉና ወደ ጣውላቸው ተመለሱ። የቤቱ ደጅ አሁን ቁርበት ተሰቅሎበታል። በሩ ግቢ ውስጥ በአራት ድንጋይ ላይ ተጋድሞ በርበሬ ይሰጣበታል። በርበሬው ግን ጥሩ ደርቋል አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያልጠየቅኩት የለም። ኮርቻ ሠሪው ዋስ አለህ ወይ አሉኝ። ግንበኛው የበሩን ወሬ ሰምተው ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ይስቃሉ። ጣልያን ሰፈርም አልሄድኩም ብዬ አልዋሽሽም፤ ሦስት ቀን በራፉ ላይ ከሰው ጋር ተሰልፌ ቆሜ አዲስ ሰው አንቀጥርም ተባልኩ። ማደሪያ የሰጡኝ የአባታችን አክስት እማሆይ ወለተ ኪዳን ይህን የሰሙ ለታ ጸበል ሳይረጩኝ ደጃቸውን አላሳለፉኝም። ሥራ ሳላገኝ ቀርቼ የረጠብኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ደግሞ በር አያውቅም እንዳትይኝ። ያን ዓመት የመሪጌታ በር ድንገት መጮኹን ሲተው፣ ጸሎቴ ነው ብለው ለአገሩ ሁሉ ማውራታቸው ትዝ ይልሻል? ጸሎታቸው አይደለም። ከሳቸው ጎጆ እማር በነበረ ጊዜ ንጋት ላይ ወደ አባታችን ሥራ ቤት ሹልክ ስል ያ በር እንደ እሪታ እየጮኸ ያስይዘኝ ነበር። አንድ ቀን እሳቸው ክርስትና ሲሄዱ የጎጆው ጉበን ልል ነውና ሳንቃውን ነቅንቄ አነሳሁና የታችኛውን ጫፍ በመሮ አስተካክዬ፣ የጧፍ ሰም ቀብቼ መለስኩት። ከዚያ ወዲያ እሳቸው በአራራይ ዜማ ሲያንጎራጉሩ እኔ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ማንም አልሰማ። እንዲያውም በዚያ ጎጆ ውስጥ ከበሩና ከመሪጌታ ድምፅ የትኛው ሰም እንደሚሻው ለረጅም ጊዜ አስቤበታለሁ። አሳሉ? ይድገሙት በያቸው።

እስከዚህ የጻፍኩት ሰኞ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ትናንት ወይዘሮ ጥሩብርሃን አስጠሩኝ። በሩን ንሣ ሊሉኝ መስሎኝ እያቅማማሁ ሄድኩ። ስደርስ አንድ ሽማግሌ በርበሬውን ወደ ጎን ጠርገው፣ በሩ ላይ አጎንብሰው፣ የላይኛውን ጫፍ በጣታቸው ያሻሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። በሥራዬ ልባቸው ተነክቶ መስሎኝ ኮራሁ፤ በበርበሬ እጃቸው ዓይናቸውን አሽተው ኖሯል። አያ ፍሥሐ ይባላሉ፣ የአብያተ ክርስቲያናት በር ሠሪ ናቸው። ማን አስተማረህ አሉኝ። አባቴ አልኩ። አገላብጠው አዩት፣ ዝቅ ብለው ጆሯቸውን አስጠግተው አንኳኩት።

«በሩ ምንም አልሆነም» አሉ። «ቤቱ ነው የቸኮለው።»

እታለም፣ ከጥር ወዲህ ደግ ቃል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጎንበስ ብዬ በርበሬ መልቀም ጀመርኩ።

አያ ፍሥሐ ሥራ አላቸው። ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ባለ አንድ ደብር በእሳት የተጎዳውን ቤተ ክርስቲያን ባላገሩ እንደገና እያነሳው ነው። ግድግዳው ገና መሠረቱ ላይ ነው፣ እንጨቱ ተቆርጦ ደርቋል። ሰባት በር ያስፈልጋል፤ ሰባቱም በአባታችን ዓይነት፣ ከግድግዳው በፊት የሚቆሙ ናቸው። ክረምቱን ሙሉ ዳስ ውስጥ ሆኖ መጥረብና መቅረጽ ነው። እሳቸው እጃቸው እየደከመ ስለሆነ አንድ ሰው ይፈልጋሉ።

በደስታ ዘለልኩ እንዳትይ። ዘመኑ ሰው ሰውን የማያምንበት ነው፣ የማላውቀውን ልጅ መቅደስ ደጅ አላቆምም፣ ማን ያውቅሃል አሉኝ። የት እንደ ተማርኩ ጠየቁ። መሪጌታ አካለ ወልድ ዘንድ ነው አልኩ። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ለካስ ደብረ ወርቅ ሁለቱ በአንድ ጎጆ ያደሩ፣ አንድ ደበሎ ተራ በተራ የለበሱ ተማሪዎች ነበሩ! «አካለ ወልድ ስለ ማንም ደግ ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ስለኔም ቢሆን» አሉኝ። «እሱ በገዛ እጁ ስላንተ አንዲት ደግ መስመር ከጻፈ፣ ሌላ ዋስ አልሻም።» መስመሯ እስከ ሰኔ ሚካኤል ካልደረሰቻቸው ግን ሌላ ልጅ እንደሚወስዱ ነገሩኝ፤ ልጁም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

እንግዲህ አስቢው። በዚህ አገር ካለው ሰው ሁሉ የሚያስፈልገኝ ሰው እሳቸው ሆኑ። የሰኞውን ልቅደደው ብል ወረቀቱ ይህ ብቻ ነው፤ እማሆይ ይህችንም ከየት እንዳመጧት አላውቅም። በቀለምም ላጥፋው ብዬ ነበር፣ ከጀርባው ያለውን ስለ መሮው የጻፍኩትን አብሮ ሊያጠፋብኝ ሲል ተውኩት። ነጋዴው ሙላት ደግሞ ነገ ማለዳ በቅሎዎቹን ጭኖ ይነሳል፤ ሰኔ አምስት ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ መሪጌታ፣ ቅድም አይዝለሉ ያልኩዎትን አሁን ቢዘሉልኝ እወዳለሁ። ግን ዘግይቻለሁ መሰለኝ።

መሪጌታ፣ ዋሽተው ይጻፉልኝ አልልዎትም። ዜማውን ጥዬ መሄዴ እውነት ነው። ሲያስተምሩኝ ዓይኔ የጎጆው ምሰሶ ላይ እንደ ነበር እርስዎም ያውቃሉ፣ ስንት ጊዜ በአለንጋ መልሰውታል። ስለ ድምፅዎ የጻፍኩትን ግን ተቆጥቼ ስለነበር ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ የሌላ ሰው ፍቅፋቂ መበተን ልብ ያጎመዝዛል። ሰኔ ሚካኤል እስኪደርስ የቀሩኝ ቀኖች ጥቂት ናቸው።

አሁን ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አያ አወቀን እጅ ነሥቻለሁ በያቸው፤ እርሻቸውን ለጊዜው በአሮጌው ማረሻ ይግፉት። ማሬን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ የላክሁላት የእንጨት ወፍ የአያ እንዳላማው ጣውላ የመጨረሻዋ ቁራሽ ናት፣ እንዳትሰብራት። የብርጓልን ድዷን ሳሚልኝ። ላሚቱንም ከረሳሁ ትቀየመኛለች፣ እከክ አድርጊልኝ። እማሆይ ወለተ ኪዳን እኅትህን በጸሎቴ አልረሳትም በላት ብለዋል። አንቺን እታለም ጉልበትሽን ስሜ እሰናበትሻለሁ፣ ቀኙን።

ለመሪጌታ አካለ ወልድ ጫማዎን ስሜያለሁ። ይህን ደብዳቤ አጥፈው ቤትዎ ሲገቡ፣ እባክዎ በርዎን አንድ ጊዜ ከፍተው ይዝጉት። ከጮኸ ምንም አይጻፉ፤ መሮውን ይዤ እመጣለሁ። ካልጮኸ ግን ያንኑ ይጻፉልኝ። አንዲት መስመር ይበቃዋል።

ወንድምሽ አንሙት
ደብረ ማርቆስ፣ ረቡዕ ግንቦት ፳፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.